ለቀረው በሬ ጓድ መፈለግ፦ በሰሜን ጎንደር ደጋ እንግዳ በሬን ከነባሩ ጋር ስለማላመድ

መግቢያ

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራና በበየዳ፣ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ አቅም ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ጥማድ በሬ ያለው መሆን አለመሆኑ ነው። ጥማድ የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ነገር ይገልጻል፦ በአንድ ቀንበር የሚጠመዱትን ሁለት በሬዎች፣ እንዲሁም እነዚህ በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱትንና አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሩብ ሄክታር የሚቆጠረውን መሬት። ስለዚህ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ሲሞት፣ ሲያረጅ ወይም ለችግር ሲሸጥ የሚጎድለው የጉልበቱ እኩሌታ ብቻ አይደለም። ሞፈሩም ቀንበሩም ለሁለት በሬ የተሠሩ በመሆናቸው የቀረው በሬ ሙሉ ጤነኛ ቢሆንም ለብቻው ማሳ አያርስም።

ይህ ጉድለት በማናቸውም ጊዜ ሊደርስ ቢችልም የሚከፋው ክረምት ሲቃረብ ነው። መሬቱ ከገመሳ እስከ ዘር ደጋግሞ መታረስ አለበት፤ በወይናደጋው ለጤፍ የሚዘጋጅ ማሳ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ሊታረስ ይችላል። ዝናቡ ደግሞ ገበሬውን አይጠብቅም። በዚህ ጥድፊያ መካከል የተገዛ በሬ በገበያው ቀን ማግስት ቀንበር ሥር ቢገባ የሚያስገርም አይሆንም። ሁለቱ በሬዎች ግን አይተዋወቁም። አንዱ ሌላውን ይወጋል፤ ወይም አንዱ ወደ ፊት ሲስብ ሌላው ወደ ኋላ ይላል፤ ወይም እንግዳው በትልሙ መካከል ይተኛል። በመጨረሻም «በሬው ክፉ ነው» ተብሎ በኪሳራ ወደ ገበያ ይመለሳል፤ የእርሻው ወቅትም ያልፋል።

ይህ ጽሑፍ እንግዳ በሬ ከነባሩ ጋር ሲገናኝ በሁለቱ መካከል ምን እንደሚፈጸም ያስረዳል። ዋና ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ በሬዎች ሲቀናጁ የሚታየው ጠብና እምቢተኝነት በአመዛኙ የእንስሳው የተፈጥሮ ክፋት ሳይሆን ትውውቁ የተፈጸመበት ቅደም ተከተል ውጤት ነው። ይህን ትውውቅ ለዘመናት ያለ ዋጋ ሲያስገኝ የኖረው የወል ግጦሽ ነበር። የወል ግጦሹ በጠበበ ቁጥር ትውውቁ ታስቦበትና ጊዜ ተመድቦለት መከናወን ይኖርበታል።

የመንጋ እንስሳ ለብቻው ሲቀር

ጉዳዩ በበሬ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የተገኘችውና በአውሮፓ የቤት ለማዳ፣ በቤተ ሙከራ ደግሞ የምርምር እንስሳ ሆና የምትታወቀው ጊኒ ፒግ በዚህ ረገድ በሰፊው ተጠንታለች። እንስሳዋ በተፈጥሮዋ በቡድን የምትኖር በመሆኗ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን ለብቻዋ ማኖርን ይከለክላል። ስለዚህ ከሁለት አንዷ ስትሞት ባለቤቱ ለቀረችው ጓድ የማፈላለግ ኃላፊነት ይወድቅበታል። የሰሜን ጎንደሩ ገበሬና የዙሪኩ የከተማ ነዋሪ በኑሮ እጅግ ቢራራቁም በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፦ እንግዳውን ከነባሩ ጋር እንዴት ማገናኘት ይገባል?

ጀርመናዊው የሥነ-ባሕርይ ተመራማሪ ኖርበርት ዛክሰርና ባልደረቦቹ በጊኒ ፒግ ላይ ካደረጓቸው ጥናቶች ሁለት ውጤቶች ለዚህ ጥያቄ ይጠቅማሉ። አንደኛው፣ ወንዱ ጊኒ ፒግ ወደማያውቀው ስፍራ ሲወሰድ በደሙ ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን፣ ማለትም ኮርቲሶል፣ ከፍ ይላል፤ የተላመዳት እንስት አብራው ስትሆን ግን ጭማሪው ጉልህ በሆነ መጠን ይቀንሳል። የማያውቃት እንስት አጠገቡ መገኘቷ ይህን ውጤት አያስገኝም። ሁለተኛው፣ ሽማግሌና ወጣት በሚኖርበት ትልቅ ቡድን ውስጥ ያደጉ ወንዶች ወደ እንግዳ ቡድን ሲገቡ ያለ ብዙ ጠብ ይላመዳሉ፤ ለብቻቸው ወይም ከአንዲት እንስት ጋር ብቻ ያደጉት ግን ይጣላሉ፣ ይጨነቃሉም።

በቀንድ ከብት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። ፈረንሳውያኑ አላን ቧሲና ፒየር ለኔንደር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ጊደሮች ከለመዷቸው ጓደኞቻቸው ለአጭር ጊዜ ሲለዩ የልብ ምታቸውና የኮርቲሶል መጠናቸው እንደሚጨምር፣ መልሰው ሲገናኙም እንደሚረጋጉ አሳይተዋል። እንግዲህ ጓዱን ያጣ በሬ ሲያጓራ፣ ገለባውን ትቶ በረቱን ሲዞር መታየቱ በከንቱ አይደለም።

ከእነዚህ ውጤቶች አንድ ተግባራዊ ትምህርት ይገኛል። መረጋጋትን የሚያመጣው የሌላ በሬ መኖር ሳይሆን የታወቀ በሬ መኖር ነው። ከገበያ የመጣ በሬ የሞተውን ጓድ በቁጥር ይተካዋል እንጂ በዕለቱ በጓድነት አይተካውም። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለነባሩ በሬ ተጨማሪ ጭንቀት ነው፤ ለራሱ ለእንግዳውም መንጋውን፣ በረቱንና ጌታውን በአንድ ቀን ያጣበት ጊዜ ነው።

ጠቡ ለምን ይነሣል? በምንስ ይበርዳል?

በቡድን የሚኖሩ እንስሳት በመካከላቸው የበላይና የበታች ሥርዓት እንዳላቸው በሳይንሳዊ መንገድ ቀድሞ የተገለጸው በዶሮዎች ላይ ሲሆን፣ ይህንም እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው ኖርዌያዊው ቶርለይፍ ሸልደሩፕ-ኤበ ነበር። ከብቶችም ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው። ማን አስቀድሞ ውኃ እንደሚጠጣ፣ ማን ከጋጡ ፊት እንደሚቆም በመንጋው ውስጥ የታወቀ ነው። ሥርዓቱ አንዴ ከተመሠረተ በኋላ ጠብ ብርቅ ይሆናል፤ የበላዩ አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ የበታቹ ዘወር ይላል፤ ነገሩም ያለ ቀንድ ያበቃል።

እንግዳ በሬ ሲመጣ ግን ሥርዓቱ ከሁለቱ መካከል ገና አልተወሰነም። ቅደም ተከተሉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ከሩቅ ይተያያሉ፤ ቀርበውም ይሻተታሉ። ቀጥሎ ጎናቸውን እያሳዩ ይቆማሉ፤ መሬቱን በሰኮናቸው ይጭራሉ፤ አፈሩን በቀንዳቸው ይቆፍራሉ። በዚህ ደረጃ አንዱ ካልተመለሰ ግንባር ለግንባር ይጋጠማሉ፤ ይገፋፋሉም። በመጨረሻም አንደኛው ዞሮ ይሄዳል። አሸናፊው ጥቂት እርምጃ ያሳድደውና ይተወዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጠቡን የሚዘጋው ማሸነፍ ሳይሆን መሸሽ መሆኑ ነው። ተሸናፊው ዞሮ ሲሄድ «በቃኝ» ማለቱ ነው፤ አሸናፊውም ይህን ምልክት ይቀበላል። መሸሻ በሌለበት ስፍራ ግን ምልክቱ ሊሰጥ አይችልም። በጠባብ በረት ጎን ለጎን የታሰረ ወይም በማነቆ ከቀንበር ጋር የተያያዘ በሬ ቢሸነፍም ዞሮ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ አሸናፊው መውጋቱን አያቆምም። በሜዳ ላይ በደቂቃዎች ሊያበቃ የሚችለው ግጥሚያ በቀንበር ሥር ወደ ጉዳት የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። የጊኒ ፒግ አሳዳጊዎችም አዲሲቱን ወደ ነባሯ ጎጆ በቀጥታ እንዳያስገቡ፣ ይልቁንም ሁለቱን ለሁለቱም አዲስ በሆነና መሸሻ ባለው ሰፊ ስፍራ እንዲያገናኙ የሚመከሩት በዚሁ መርሕ ነው።

የግጥሚያው ብርታት በጾታ ሁኔታም ይለያያል። ያልተኮላሸ ኮርማ ከተኮላሸ በሬ ይልቅ ለጠብ ይፈጥናል። በኢትዮጵያ ደጋ በሬ የሚኮላሸው ብዙ ጊዜ ለተወሰኑ ዓመታት ካረሰ በኋላ በመሆኑ፣ ሁለት ያልተኮላሹ ጎልማሶች በአንድ ቀንበር የሚገናኙበት አጋጣሚ አለ። በአካባቢው ኮርማ የምትፈልግ ላም ካለች ጠቡ ይበረታል።

ሦስት የትውውቅ መንገዶች

በሰሜን ጎንደር ደጋ ለቀረው በሬ ጓድ የሚገኘው በዋናነት በሦስት መንገድ ነው። ሦስቱም በትውውቅ ረገድ የተለያየ ዋጋ አላቸው።

የመጀመሪያው በቤት የተወለደ ወይፈን ማውጣት ነው። ወይፈኑ ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው ከለዘበና ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሰው ከፊት ሆኖ በገመድ ይመራዋል፤ ሥራውም በለሰለሰ መሬት ላይ ለአጭር ሰዓት ብቻ ይሆናል። ይህ መንገድ የሚሰምረው ወይፈኑ ከጥጃነቱ ጀምሮ ነባሩን በሬ ስለሚያውቀው ነው። የበላይና የበታችነቱ ጥያቄ ከቀንበሩ በፊት ተፈትቷል፤ የሚቀረው ሥራውን መማር ብቻ ነው። በሽማግሌዎች መካከል ያደገ እንስሳ በቀላሉ እንደሚላመድ ከጊኒ ፒጉ ጥናት የተገኘው ውጤትም ይህን ልማድ ይደግፈዋል።

ሁለተኛው መቀናጆ ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች በሬዎቻቸውን አጣምረው በተራ ያርሳሉ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራን ማስተባበር ለማለት የሚነገሩት «ማቀናጀት» እና «ቅንጅት» የሚሉት ቃላት ከዚሁ በሬን ከበሬ ከማጣመር ሥራ ጋር ይዛመዳሉ። መቀናጆ አንድ እንቆቅልሽ ያቀርባል። ሁለቱ በሬዎች የሚያድሩት በተለያየ በረት፣ የሚበሉትም ከተለያየ ጋጥ ነው፤ ሆኖም ማለዳ በአንድ ቀንበር ገብተው አብረው ይጎትታሉ። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልሱ የሚገኘው በግጦሽ መሬቱ ላይ ነው። ጎረቤታሞች ከብታቸውን በአንድ መስክ ያሰማራሉ፤ በአንድ ወንዝ ያጠጣሉ። ሁለቱ በሬዎች ቀንበር ከማየታቸው አስቀድሞ ለዓመታት ተያይተዋል፣ ተሻትተዋል፣ ምናልባትም ተጋጥመው አንዱ ዞሮ ሄዷል። የመስኩ ስፋት ለተሸናፊው መሸሻ ሰጥቶታል። እረኞቹ ልጆችም የትኛው የትኛውን እንደሚፈራ ያውቃሉ። እንግዲህ መቀናጆ የሰዎች ስምምነት ብቻ ሳይሆን በወል ግጦሽ ላይ አስቀድሞ በተፈጸመ የከብቶች ስምምነት ላይ የቆመ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከገበያ መግዛት ነው። በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የተገዛ በሬ ይህ ሁሉ የለውም። በሬው ጠንካራና በእርሻ የተፈተነ ሊሆን ይችላል፤ ነባሩን በሬ ግን አያውቀውም። ስለዚህ የትውውቁ ሥራ በሙሉ በገዢው ላይ ይወድቃል።

የወል ግጦሽ መሬት ወደ እርሻ ሲለወጥ፣ ተራራው ለደንና ለዱር እንስሳት ሲከለል፣ ከብትን አስሮ መቀለብም ሲበረታታ በሦስቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ለዋልያና ለሌሎች ብርቅዬ እንስሳት ስጋት መሆኑ የታወቀ በመሆኑ የግጦሽ መቀነስ በቂ ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ መስኩ ሲጠብ ከሣሩ ጋር የሚቀንስ ሌላ ነገር እንዳለ ማስተዋል ይገባል። በየቤቱ ታስረው የሚያድጉ የሁለት ጎረቤታሞች በሬዎች ከገበያ እንደመጣ በሬ እርስ በርሳቸው እንግዶች ይሆናሉ።

ከትውውቅ በፊት ጤና

ትውውቅ መቀራረብን ይጠይቃል፤ መቀራረብ ደግሞ በሽታን ያስተላልፋል። በዚህ ረገድ ያገሪቱ ታሪክ ከባድ ትምህርት ይዟል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣሊያኖች በምፅዋ ወደብ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደገባ የሚታመነው የደስታ በሽታ ከኢትዮጵያ ከብት ዘጠኝ አሥረኛውን ያህል እንደፈጀ ይገመታል። በዚያው ዓመት በድርቡሾች ወረራ ተቃጥላ የነበረችው ጎንደርና ዙሪያዋ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰውን ረኃብ ተቀበሉ። መሬት እያለ፣ ዘር እያለ፣ የሚጎትት በሬ በመጥፋቱ ብቻ ማሳው ጦም አደረ። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ መቆፈርን እንዳይንቅ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይነገራል። የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የተበሠረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታም ሆኗል።

የደስታ በሽታ ቢጠፋም ከእንግዳ በሬ ጋር የሚመጡ ሌሎች በሽታዎች አሉ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ የአፍተግር በሽታን የመደበቂያ ጊዜ 14 ቀን፣ ቆዳን የሚያጎረብጠውን የለምፒ ስኪን በሽታ 28 ቀን፣ የከብት ሳንባ በሽታን ደግሞ 6 ወር አድርጎ ይቆጥራል። ይህም ማለት በገበያ ላይ ጤነኛ መስሎ የታየ በሬ በሽታውን ይዞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስድስት ወር መጠበቅ ለገበሬ የሚቻል አይደለም። አራት ሳምንት ግን በሬው ከመስከረም በኋላ በሚገዛበት ጊዜ ሊቻል ይችላል፤ የሁለቱን የመጀመሪያ በሽታዎች የመደበቂያ ጊዜም ይሸፍናል። የለምፒ ስኪን በሽታ በዋናነት በተናካሽ ዝንቦችና ትንኞች የሚተላለፍ በመሆኑ ለይቶ ማሰር ብቻውን አይበቃም፤ ክትባት ያስፈልጋል። ለዚህና ለሳንባ በሽታ የሚውሉት ክትባቶች ቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታሉ። በመሆኑም ግዢው ለሰኔ ካልተተወና ነባሩም እንግዳውም ከተከተቡ፣ ለጤና የሚሰጠው ጊዜ ለትውውቅም ይውላል።

የማላመድ ደረጃዎች

ከላይ የተገለጹትን የገበሬውን ልማዶችና የሥነ-ባሕርይ ዕውቀት አንድ ላይ በማድረግ ማላመዱን በአራት ደረጃዎች ማቀድ ይቻላል።

አንደኛው ደረጃ ከሩቅ መተያየት ነው። በለይቶ ማቆያው ጊዜ እንግዳው በሬ ነባሩን በሚያይበትና ድምፁን በሚሰማበት፣ ነገር ግን አፍንጫ ለአፍንጫ በማይደርስበት ርቀት ይታሰራል። መጋጫቸውና መጠጫቸው ይለያል። ከቆላ የመጣ በሬ ከሆነ የደጋውን ገለባና ብርድ ቀስ በቀስ የሚለምደውም በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው መሻተት ነው። የለይቶ ማቆያው ጊዜ ያለ ሕመም ካለፈ በኋላ ሁለቱ በጠንካራ አጥር ግራና ቀኝ ይቀራረባሉ። አጥሩ ሽታውን ያሳልፋል፤ ቀንዱን ግን ይከለክላል። ሁለቱ በአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመው ያለ ማጓራት ገለባ መብላት ሲጀምሩ ለሚቀጥለው ደረጃ ዝግጁ መሆናቸውን ያሳያሉ።

ሦስተኛው በሜዳ መገናኘት ነው። ስፍራው የነባሩ በረት ወይም ዘወትር የሚታሰርበት ቦታ መሆን የለበትም፤ ገደልና ድንጋያማ ቁልቁለት የሌለበት፣ ላሞች ያልተሰማሩበት ሰፊ መስክ ይመረጣል። ሁለቱም አስቀድመው ቢጠግቡና ውኃ ቢጠጡ ይመረጣል፤ ገለባና ጨው የሚቀርብላቸው ከሆነም በሁለት የተራራቀ ስፍራ መሆን አለበት። ግንባር ለግንባር መጋጠማቸው የሚጠበቅ ነው፤ ደም እስካልፈሰሰ ወይም ተሸናፊው መውጫ እስካላጣ ድረስ በዱላ መለየት አይገባም። በየጊዜው የሚቋረጥ ግጥሚያ ሥርዓቱን ሳይወስን ስለሚቀር በማግስቱ እንደገና ይጀመራል። ከጥቂት ቀናት አብሮ መዋል በኋላ ጠቡ በምልክት ብቻ ሲያልቅ፣ ይልቁንም ተጠጋግተው ሲተኙ፣ ትውውቁ ሥር ሰዷል።

አራተኛው ቀንበር ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀንበሩ ያለ ሞፈር ተጭኖባቸው አብረው ይራመዳሉ፤ ቀጥሎ ቀላል ግንድ ይጎትታሉ፤ በመጨረሻ በለሰለሰ ማሳ ላይ ለአጭር ሰዓት ያርሳሉ። በቀኝ የለመደ በሬ በቀኝ፣ በግራ የለመደ በግራ ይጠመዳል። በዚህ ምክንያት በሬ ሲገዛ ከጥርሱና ከጫንቃው ባሻገር በየትኛው በኩል ሲያርስ እንደኖረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቁመታቸውና እርምጃቸው ካልተመጣጠነ ቀንበሩ ይዛባል፤ የአንዱ ጫንቃም ይላጣል። የጫንቃ ቁስል ያለበት በሬ ቀንበር ሲያይ ማፈግፈጉ አይቀርም፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከስንፍና ይቆጠርበታል።

ጓድ ሳይፈለግ ቢቀርስ?

ችግሩን ከሥሩ ለማስወገድ የተደረገ ሙከራም አለ። በአዲስ አበባ ይገኝ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ለአፍሪካ፣ በአጠራሩ ኢልካ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በደብረ ብርሃን ጣቢያው በአንድ በሬ የሚጎተት ማረሻ ሞክሮ ነበር። አሠራሩ በምርምር ጣቢያ ላይ የሚሠራ ቢሆንም በገበሬው ዘንድ በስፋት አልተለመደም። በሬ በተከታታይ ሥራ ሊያወጣ የሚችለው ጉልበት ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል በመሆኑ፣ ትንሹ የደጋ በሬ ከባድ አፈርን ለብቻው ለመስበር ይቸገራል። መቀናጆም ለብዙ አባወራዎች የቀረበ አማራጭ ሆኖ ቆይቷል። እንግዲህ ጓድ የመፈለጉ ጥያቄ ገና ዘመን ያላለፈበት ነው።

ማጠቃለያ

የቀረውን በሬ ከእንግዳ ጋር ማላመድ ከግዢ በኋላ የሚመጣ ጥቃቅን ሥራ ሳይሆን የግዢው አካል ነው። የበሬው ዋጋ የሚከፈለው በገበያ ላይ ቢሆንም፣ ጥማዱ ጥማድ የሚሆነው ሁለቱ ያለ ጠብ ጎን ለጎን መቆም ሲጀምሩ ነው። ለዚህም ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ ጊዜና መሸሻ ስፍራ። የቀድሞው የወል መስክ ሁለቱንም ይሰጥ ነበር። የግብርና ልማት ሠራተኛው፣ የእንስሳት ሐኪሙና ተመራማሪው ከብትን አስሮ መቀለብን ሲመክሩ፣ የአንድ መንደር በሬዎች በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት አብረው የሚውሉበት የጋራ መስክ እንዲቀር አብረው ቢያቅዱ መልካም ነው። በእርሻ ወቅት የሚጠፋ አንድ ሳምንት በመኸር ጊዜ የሚጎድል እህል ነውና፣ በጥቅምት በመስክ የተፈጸመ ትውውቅ በሰኔ በማሳው ላይ ይከፍላል።